ሻንጣ ሮማ ሳይደርስ ሲቀር ምን ይደረጋል? እስኪመጣስ ሁለቱን ቀን የት እንዋል?

መንገደኛ27፦
ጤና ይስጥልን ወገኖች። ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ መሀል ላይ አውሮፕላን ቀይረን፣ ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጋር ፊዩሚቺኖ፣ የሮማ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ገብተናል። ሻንጣዎቻችን ግን አልመጡም። ከሻንጣ መረከቢያው ሳንወጣ አስመዝግበን ወረቀት ተሰጥቶናል። ያረፍነው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ከነገ ወዲያ በባቡር ወደ ቦሎኛ እንሄዳለን። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒትም ሻንጣው ውስጥ ነው። ልብስ ብንገዛ የሚከፍለን አለ? ሆቴል ቁጭ ብለን እንጠብቅ ወይስ ከተማውን እንይ?

ሻንጣ ፈላጊ፦
እህቴ፣ ዋናውን ነገር ሠርታችኋል። ያ ወረቀት ሳይያዝ ከተወጣ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። ወረቀቱ ላይ 10 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለ፤ በእሱና በስምሽ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ክትትሉን ታያላችሁ። የሻንጣውን ቁራጭ ቲኬትም አትጣሉ።

አሁኑኑ ማየት ያለባችሁ አድራሻውን ነው። አድራሹ መኪና የሚሄደው ወደተመዘገበው ቦታ ብቻ ነው። እናንተ ቦሎኛ ገብታችሁ ሻንጣው ተርሚኒ ቢመጣ እንደገና ቀናት ይባክናሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ሆቴሎች ከነቀናቸው አስመዝግቡ፦ እስከዚህ ቀን ሮማ፣ ከዚያ በኋላ ቦሎኛ። ሆቴሉ የተያዘው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ደግሞ በሻንጣው ላይ ያለውን ስም ለእንግዳ መቀበያው ንገሩ፤ አለዚያ «እንዲህ የሚባል እንግዳ የለም» ብለው ይመልሱታል። ይህን ከጨረሳችሁ ሆቴል መቀመጥ አያስፈልግም፤ ሠራተኞቹ ይረከቡላችኋል።

ስለ ገንዘቡ፦ ኢትዮጵያም ኢጣሊያም የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። የካሳው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ሲሆን ከ1,700 ዩሮ በላይ ይሆናል። ይህ ግን ጣሪያ እንጂ ተመን አይደለም፤ የሚመለሰው በደረሰኝ የተረጋገጠ ተገቢ ወጪ ነው። የውስጥ ልብስ፣ ቅያሪ፣ የጥርስ ብሩሽ ያስኬዳል፤ ውድ ጃኬት ያከራክራል። የኢጣሊያ ደረሰኝ «ስኮንትሪኖ» ይባላል። በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ወዲያው ፎቶ አንሱት። ሻንጣው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ። ተሰብሮ ከመጣ ግን 7 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

አረንጓዴ መስቀል፦
መድኃኒቱ ከልብሱ ይቅደም። አረንጓዴ መስቀል የሚበራበት ቤት ሁሉ ፋርማሲ ነው። የንግድ ስሙ ከአገር አገር ስለሚለያይ የንጥረ ነገሩን ስምና ሚሊግራሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ የማዘዣው ወይም የካርቶኑ ፎቶ ከአዲስ አበባ ቢላክላችሁ ይበቃል። በመደበኛነት የሐኪም ማዘዣ ይጠየቃል፤ ሆኖም ሕክምናው መቋረጥ የሌለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ፋርማሲስቱ ትንሹን እሽግ ሊሰጥ ይችላል። እምቢ ካሉ ሆቴሉ ሐኪም እንዲጠራላችሁ ጠይቁ። እናትሽ አንድም ቀን ባይዘሉ ይሻላል።

የሮማ ነዋሪ፦
ሁለት ቀን ለሮማ ትንሽ ነው፤ በመጠበቅ አታባክኑት። ባረፋችሁበት ሰፈር ጀምሩ። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቸንቶ»፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ኢጣሊያውያን መታሰቢያ ነው። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ የዶጋሊ ሐውልት ቆሟል፤ ከግብፅ የመጣ፣ የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ቀጥ ያለ የድንጋይ ዓምድ ነው። በየቀኑ ስንት ሐበሻ ሳያውቀው ያልፈዋል!

ከዚያ በእግር ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ፖፕ ፍራንቸስኮስም የተቀበሩት እዚያ ነው። ቀጥሎ ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ቤተ ክርስቲያን፤ ሚኬላንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልት ያለው እዚህ ነው። በአውሮፓ ሰዓት ከ12፡30 እስከ 15፡00 ስለሚዘጋ ጠዋት ይሻላል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ በእጅ ሻንጣ ካላችሁ ይበቃል።

መንገደኛ27፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻውን አስተካክለናል። እናቴ ግን ደረጃና ረጅም መንገድ ይከብዳታል።

የሮማ ነዋሪ፦
እንግዲያው ከካቩር የሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያ ወደ ሙሴ ሐውልት የሚያወጣውን ደረጃ ተዉት፤ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። እዚያ ድረስ በታክሲ ውሰጃቸው። ለቀሪው ሜትሮ ቢ መስመር ይሆናችኋል፦ ተርሚኒ፣ ካቩር፣ ኮሎሴዎ፣ ቺርኮ ማሲሞ። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገባው። በባንክ ካርድ ከከፈላችሁ ለየሰው የተለያየ ካርድ ያስፈልጋል።

ቺርኮ ማሲሞ ስትወጡ ፊት ለፊት የምታዩት የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፤ በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ለእናትሽ ቦታውን አሳዪያቸው፤ ውሃ አትግዙ፣ በየመንገዱ ያሉት «ናሶኒ» የሚባሉት ቧንቧዎች ንጹሕና ነፃ ናቸው።