በአፕ በጠራሁት መኪና ተሳፍሬ ተገጨን፣ ካሳውን ከማን ልጠይቅ?

ሰላም ወገኖች፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከስራ ስወጣ በአፕ በጠራሁት መኪና ከኋላ ተቀምጬ መብራት ላይ ቆመን ሳለ አንዱ ከኋላ መጥቶ ገጨን። ያኔ ምንም አልሆንኩም ብዬ አምቡላንስ አልሄድም አልኩ፣ በማግስቱ ግን አንገቴን ማዞር አቃተኝ፣ ይኸው እስካሁን ፊዚዮቴራፒ እመላለሳለሁ፣ የህክምናው ቢል (ሂሳብ) ይመጣል፣ ስራም ቀርቻለሁ።

አሁን የገጨን ሰውዬ ኢንሹራንስ ደውሎ 1,500 ዶላር እንስጥሽና ፈርሚ ይለኛል። እዚህ ስቴት በአፕ የሚጠሩ መኪናዎች ተሳፋሪ ሲጭኑ የ1 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ግዴታ እንደሆነ፣ ለመክሰስም 2 ዓመት እንዳለኝ አውቃለሁ፣ ግን ህክምናዬ ሳያልቅ ፈርሜ በኋላ ቢብስብኝስ? የፖሊስ ሪፖርቱም የአፑ ሪሲትም አለኝ። በዚህ ያለፋችሁ፣ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ ልጨርሰው? ስንት ፐርሰንት ወሰደባችሁ? እባካችሁ ሰኞ መልስ እየጠበቁኝ ነው።