ከኤክስካቫተር ወደ ፓይል መትከያ ሪግ መቀየር ይከብዳል?

ኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነኝ፣ ፓይል (መሬት ውስጥ የሚገባ የመሠረት ምሰሶ) የሚመታ ሪግ፣ ማለት ማሽኑ ላይ ልግባ ወይ እያልኩ ነው። የሰራችሁበት ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ

መልስ፦ ሌቨሩን ቶሎ ትለምደዋለህ ባክህ፣ ጣጣው ፓይሉን ቀጥ አርጎ ማስጀመሩ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ካዘመመ በኋላ በግድ ላቅናው ብትል ኮንክሪት ከሆነ ይሰነጠቅብሃል፣ ስለዚህ ሲጀመር ሀመሩን (መምቻውን ከባድ መዶሻ) በትንሽ ከፍታ እያነሳህ ቀስ እያልክ ምታ፣ ቀጥ ማለቱንም ከሁለት አቅጣጫ ሰው እንዲያይልህ አርግ

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው ግን መሬቱን ረሳኸው ወንድሜ። ሪጉ ረጅም ነው፣ ሀመሩ ደግሞ ላይ ተሰቅሏል፣ ለስላሳ አፈር ላይ ከስሩ ጠንካራ ነገር ሳይነጠፍለት ከቆመ ሊገለበጥ ይችላል። የጆሮ መከላከያም ግዴታ ነው!!

ጠያቂው፦ እሺ መምታት የማቆመው መቼ ነው?

መልስ፦ እሱን ኢንጂነሩ ነው የሚወስነው። በየምቱ ስንት እንደገባ ይመዘገባል፣ አልገባ ካለ ዝም ብለህ አትደብድበው፣ ፓይሉም ሀመሩም ይጎዳል