ኮርቬት ለዕለት ሥራ፦ ለብርዱ የትኛው ጎማ?

ሰላም ቤተሰብ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ያገለገለ የ2021 ኮርቬት ስቲንግሬይ (የሼቭሮሌት ስፖርት መኪና) ገዝቼ በየቀኑ በ395 ሀይዌይ ዲሲ ሥራ እመላለስበታለሁ። ሞተሩ 6.2 ሊትር ቪ8 ቢሆንም ለከተማ አይከብድም፣ አስቤዛም ይይዛል። ችግሩ የሰመር (ለሙቀት ወቅት የተሠራ) ጎማው ነው፦ ፊት 245/35 ባለ 19፣ ኋላ 305/30 ባለ 20 ኢንች። ጠዋት ከ40 ፋራናይት በታች ሲሆን ላስቲኩ ድንጋይ ይሆንና፣ ሀይዌይ ስገባ ነዳጅ ነካ ሳደርግ ኋላው ይሸሻል። የአነዳድ ሞዱን ዌዘር (ለሚያዳልጥ መንገድ የሚሆነው) ላይ አድርጌ ሞከርኩ፤ ትንሽ ረጋ አለ እንጂ አልተወም። አንዱ ጎማ ቤት ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚሆን) አድርግ አለኝ፣ ሌላው ሙሉ ዊንተር (የብርድና የበረዶ ጎማ) ከነቸርኬው ግዛ ይላል (የአፓርታማ ሰው ትርፍ አራት ጎማ የት ያስቀምጣል?)። በረዶ ከጣለ በሜትሮ ነው የምሄደው። እንግዲህ ለደረቁ ብርድና ለዝናቡ ብቻ ከሆነ፣ ኦል ሲዝን ይበቃኛል ወይስ ዊንተር ግድ ነው?