እናቴን በሰኔ ጾም ሮም ልወስዳት ነው፤ ከየት ልጀምር?

ከፍራንክፈርት
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ ከጀርመን ኤምባሲ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አግኝታ እኔ ዘንድ ከመጣች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሆኖም የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ሳልሳለም አልሞትም ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ ለአራት ቀን ሮም ልወስዳት አስቤያለሁ፤ የምናርፈውም የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ሥጋቴ ሁለት ነው፦ ጀርመን በሰጠው ቪዛ ጣሊያን ብትገባ ችግር ይገጥማት ይሆን? ደረጃ መውጣት የማትችል ሴትስ ሮምን እንዴት አድርጋ ታያለች?

ከስቱትጋርት
በቪዛው በኩል አትስጊ። የሸንገን ቪዛ እስከሆነ ድረስ በአባል አገሮቹ ሁሉ ያስኬዳል፤ የ30 ሺህ ዩሮው የጤና መድንም እንዲሁ። የአንድ ጊዜ መግቢያ የሚቃጠለው ከሸንገን ክልል ሲወጣ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ነው ብለሽ በለንደን ወይም በኢስታንቡል የሚያልፍ በረራ እንዳትቆርጪ። ፓስፖርታቸውን ግን ቤት ጥለው እንዳይሄዱ። ሆቴል ብታርፉ ኖሮ ሆቴሉ ራሱ ይመዘግባቸው ነበር፤ ዘመድ ቤት ሲሆን ግን አስተናጋጁ የውጭ ዜጋ ማሳረፉን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። የአክስትሽ ልጅ ይህን ያውቅ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂው፤ ብዙ ወገኖቻችን እንግዳ ተቀብለው ቡና ያፈላሉ እንጂ ወረቀቱን አያስቡትም።

ከሮም
እህቴ፣ እዚህ ከተማ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ኮሎሲየምን በቀትር ፀሐይ ተሰልፈው አይተው፣ ማታ እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው «ሮም ድንጋይ ናት» ብለውኝ የተመለሱ እንግዶች ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ የመንገዱ ጥርብ ድንጋይ ጤነኛ ጉልበትም ያማርራል።

ለእናትሽ የምመክረው የሜትሮውን ቢ መስመር ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ሲነሳ ሁለተኛው ፌርማታ ኮሎሴዮ፣ ቀጥሎ ቺርኮ ማሲሞ ነው፤ ወደፊት ሲቀጥል ደግሞ ባዚሊካ ሳን ፓኦሎ የሚባል ፌርማታ አለ፤ የቅዱስ ጳውሎስ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ቅርብ ነው። ጎብኚው ሁሉ ወደ ቫቲካን ስለሚጋፋ እዚህ ጸጥታ አለ፤ እናትሽ ውዳሴ ማርያማቸውን እስኪጨርሱ የሚገፋቸው የለም። የቅዱስ ጴጥሮስን ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ድረሱ። መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚያደክመው የፍተሻው ሰልፍ ነው። መቃብሩ ከዋናው መሠዊያ በታች ነው፤ ከሥሩ ወዳለው የመቃብሩ ቁፋሮ ለመውረድ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ከላይ ሆኖ መሳለም ግን ይቻላል። ጉልላቱ 551 ደረጃ ስላለው አታስቡት። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ቢሆንም ነጠላ ለለበሰ ሰው ይህ አያሳስብም።

አብዛኞቹ ሐበሾች የማይሄዱበት፣ እኔ ግን እናቴን መጀመሪያ የወሰድኳት ሳንታ ክሮቼ ኢን ጀሩሳሌሜ ነው። ንግሥት እሌኒ በኖረችበት ቤተ መንግሥት ላይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከመስቀሉ ነው የሚባል ግማድ ተቀምጦበታል። ደመራ ስታበራ ያረጀች ሴት «የእሌኒ ቤት ይህ ነበር» ስትባል የምትሆነውን ማየት ከኮሎሲየም ይበልጣል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ምእመናን በጉልበታቸው እየዳኹ የሚወጡት ባለ 28 ደረጃ ስካላ ሳንታ አለ፤ እሱን አታሳዪያቸው፤ ሕመማቸውን ረስተው ልውጣ ይሉሻል።

ሌላው፣ እዚህ የሁለቱ ሐዋርያት በዓል የሚከበረው በሐምሌ 5 ሳይሆን በእነሱ ጁን 29 ነው፤ የከተማዋ ጠባቂዎች ስለሆኑ ሮም በዚያ ቀን ሥራ ዝግ ነው። እናትሽ ገና ጾም ላይ ይሆናሉ። ፒሳ ማሪናራ ብለሽ እዘዢላቸው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ቴርሚኒ አካባቢ ባሉት የሐበሻ ቤቶችም በያይነቱ አይጠፋም። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ናዞኔ የሚባሉ፣ ትርጉሙም «ትልቅ አፍንጫ» የሆነ፣ ሌት ተቀን የሚፈስሱ ቧንቧዎች አሉ።

ከቦሎኛ
ምክሩ መልካም ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት እናቴን እንዲሁ ላዞራት ስል «የምታወጣውን ገንዘብ ስጠኝና የቤቱን ቆርቆሮ ላስቀይርበት» አለችኝ። ሰጠኋት፤ ቆርቆሮው ተቀየረ። አሁን ስደውልላት ጎረቤቷን ልጇ ያሳያትን አገር ሁሉ እየዘረዘረች ታወራልኛለች።

አዛውንቱ፣ ከሮም
ቺርኮ ማሲሞ ከተባለ ዘንድ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ከፌርማታው ስትወጡ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ይታያችኋል፤ ፋሺስቶች የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ያቀዱት ነበር። ከፊቱ፣ ዛሬ ሁለት አሮጌ ዓምዶች በቆሙበት አደባባይ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የተዘረፈው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። እኔ ሮም ስመጣ ሥራም ዘመድም አልነበረኝም፤ እሑድ እሑድ እየሄድኩ ከሥሩ እቀመጥ ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው እዚያው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነው ይባላል፤ የጨረሰውም ኮሎሲየም ጎን ባለው በቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው ሐውልት በ2003 ሲነቀል እልል ብዬ፣ በሚቀጥለው እሑድ ግን የት እንደምሄድ ጠፋኝ።

ደግሞ ከቴርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» መባሉ በዶጋሊ ራስ አሉላ የደመሰሷቸውን ወታደሮች ለማስታወስ ነው። የእነርሱ መታሰቢያ ከአደባባዩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል፤ ዘርዓይ ደረስ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አይቶ ከሰገደለት በኋላ ሰይፉን በመምዘዝ አምስት ፋሺስቶችን የገደለው እዚያ ነው። እናትሽን አሳዪያቸው።

ከስቱትጋርት
አባቴ፣ በአክብሮት ላርምዎት። በጣሊያን ሰነዶች ላይ የተመሠረቱት ጥናቶች እንደሚሉት ዘርዓይ በጁን 1938 ሰዎችን አቆሰለ እንጂ ሰው ስለመግደሉ ማስረጃ የለም። እሱም በዚያው ዕለት አልሞተም፤ በአእምሮ ሕመምተኛ ስም ታስሮ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። ለእኔ ይህ ከተረቱ ይልቅ ልብ ይነካል።

አዛውንቱ፣ ከሮም
ልጄ፣ ያሰረው መንግሥት የጻፈውን ሰነድ ይዘህ ጀግና ልታሳንስብን ነው?

ከኦስሎ
«ጀግናችን» ከመባባላችሁ በፊት ሰውየው ኤርትራዊ መሆኑን፣ ዶጋሊም ኤርትራ ውስጥ መሆኑን አንድ ሰው ቢጠቅስ መልካም ነበር።

አዛውንቱ፣ ከሮም
የሰገደው ለየትኛው አንበሳ ነበር? ከአዲስ አበባ ለተወሰደው አይደለምን?

ከፍራንክፈርት
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአክስቴ ልጅ የ48 ሰዓቱን ነገር አያውቅም ነበር፤ አሁን እየጠየቀ ነው። እናቴም ጽሑፋችሁን ሳነብላት የእሌኒን ቤት ስትሰማ አስቁማ ደግማ አስነበበችኝ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ የሜትሮ ጣቢያዎቹ ሊፍት ነው፤ ይሠራል? ካልሠራ ከቴርሚኒ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ በምን እንሂድ?

ከሮም
ወደ ጴጥሮስ 64 ቁጥር አውቶቡስ ከቴርሚኒ ይነሣል፤ ኪስ አውላቂ ስለሚበዛበት ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ። ስለ ሊፍቱ ግን አንዱን ሳምንት ይሠራል፣ አንዱን ሳምንት ወረቀት ይለጠፍበታል። ዓርብ በሳን ፓኦሎ በኩል ስለማልፍ ቆሜ አየዋለሁ።

ከኦስሎ
አንበሳው የማንም ይሁን፣ ሰይፉን የመዘዘው እጅ የማን እንደነበር ነው እኔ የምጠይቀው።