በገብርኤል ዕለት ፈተና፣ ምን ባደርግ ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የምንኖረው ሐዋሳ ነው፣ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ናት። ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ንግሥ ዕለት፣ ነጠላዋን ለብሳ ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ለካ ያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበር፣ የውጤት ወረቀቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ተጽፎ መጣ። ሙስሊም ጓደኞቿ ዓርብ ለጁምዓ ይፈቀድላቸዋል፣ ይገባቸዋልም፣ እነሱን ከልክሉ አላልኩም። የእሷስ? ትምህርት ቤቱን ስጠይቅ "መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው" አሉኝ። አዎ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ ይላል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነትን ያስከብራል። አስቀድሜ አለማስፈቀዴ ጥፋቴ ነው። አሁን ድጋሚ ፈተና እንድትወስድ ማመልከቻውን ለርእሰ መምህሩ ላስገባ ወይስ ለወላጅ መምህር ኅብረት? የደረሰበት ካለ ይንገረኝ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ማተቧን ሸሚዟ ውስጥ እየደበቀች ነው የምትሄደው።