ጎድፋዘር 3ን እንየው ወይስ በሁለቱ እናብቃ?

ቅዳሜ ማታ (ጠያቂ)

ሰላም የፊልም ወዳጆች። እኔና ወንድሞቼ ከሰፈር ጓደኞቻችን ጋር ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት እየተሰበሰብን ፊልም እናያለን። ሰሞኑን ስለ ኮርሊዮኔ የማፊያ ቤተሰብ የሚተርከውን ጎድፋዘርን ይዘናል። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አየን። ሁለተኛውንማ እንዴት እንደወደድነው! ታናሽ ወንድሜ እስከ ዛሬ ስለ አለቃው ስለ ማይክል ወንድም፣ ስለ ፍሬዶ እያወራ ነው።

አሁን ሦስተኛው ቀረን፤ ጭቅጭቁም የመጣው በሱ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ተዪው፣ ይቅርብሽ፣ የሁለቱን ጣዕም ያጠፋብሻል» ይለኛል። እኛ ደግሞ በቅርቡ በሁለተኛው ጆከር ተቃጥለናል። የመጀመሪያው አንጀታችንን በልቶን ስለነበር ሁለተኛውን በስንት ጉጉት ጠበቅነው። ዘፈኑ ሲበዛ ግማሹ ሰው ስልኩን መነካካት ጀመረ፣ ግማሹ «በቃ ቡና ይፈላ» አለ። እንደዚያ ያለ ምሽት እንዲደገም አልፈልግም።

እባካችሁ እርዱኝ። እንየው ወይስ እንተወው? እንየው ካላችሁ የድሮው ይሻላል ወይስ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደገና ተቀናብሮ የወጣው? ሰውስ ይህን ያህል ያዘነበት ምክንያቱ ምንድን ነው? መጨረሻውን ግን አደራ፣ እንዳትነግሩኝ።

የፒያሳ ልጅ

እዩት። ግን ከሁለተኛው በማግስቱ አይሁን፤ ጥቂት ሳምንት ይለፈው። መሃል ላይ ቀለል ያለ ፊልም አስገቡ። የ2020ውን ምረጪ። ርዕሱ «የማይክል ኮርሊዮኔ ሞት» ስለሚል መጨረሻውን የነገረሽ ይመስልሻል፤ አትስጊ፣ የፊልሙ ክብደት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ባለ ካሴቱ

ልጄ፣ እኔ ይህን ፊልም ያየሁት ከቪዲዮ ቤት ካሴት እየተከራየን በምናይበት ዘመን ነው። የዚያን ጊዜውን ጉጉት ካላወቅሽ የሰዉን ቅሬታ አትረጂውም። የመጀመሪያው በ1972 ወጣ፣ የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ሁለተኛው በ1974 ወጣ፣ እሱም ወሰደ። አንድ ተከታይ ክፍል ያንን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ 16 ዓመት ዝም ተባለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ሁለቱን እየደጋገመ አይቶ ንግግራቸውን በቃሉ ይዞታል። ሦስተኛው በ1990 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ሲወጣ ሁሉም ሌላ ተአምር ጠብቆ ነው የገባው።

በዚያ ላይ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የማርቲን ስኮርሴዚ የማፊያ ፊልም ጉድፌላስ ወጥቷል። እሱ ፈጣን ነው፣ ትንፋሽ አይሰጥም። ከሱ በኋላ ያረጀ፣ የታመመ፣ የሚጸጸት የማፊያ አለቃ ማየት ለብዙ ሰው ከበደው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ዕድሜ ሲጨመርብኝ ደግሞ የበለጠ ወደድኩት።

ሞንታዥ

ሰው ለምን አዘነ ላልሽው እኔ ልመልስ፤ የዚህ ፊልም አሠራር ሁሌም ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ጊዜ አልነበራቸውም። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላና ደራሲው ማሪዮ ፑዞ ስክሪፕቱን ለመጻፍ 6 ወር ጠየቁ። ስቱዲዮው ፓራማውንት የፈቀደላቸው 6 ሳምንት ነው። ፊልሙ ለገና መድረስ ነበረበት። ኮፖላ ደግሞ እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ስቱዲዮ የሠራው ሙዚቃዊ ፊልም ከስሮ ዕዳ ውስጥ ከትቶታል።

ከዚህ የባሰው የቤተሰቡ ጠበቃ የቶም ሄገን ነገር ነው። እሱን ሆኖ የሚሠራው ሮበርት ዱቫል በክፍያው አልተስማማም። ማይክልን የሚሠራው አል ፓቺኖ የሱን እጥፍ ቢከፈለው ቅር እንደማይለው፣ ሦስትና አራት እጥፍ ሲሆን ግን እንደማይቀበለው ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ቶም ሄገን ሦስተኛው ላይ የለም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ኮፖላ መጀመሪያ ያሰበው ታሪክ የማይክልና የቶም መጣላት ነበር። እስቲ አስቢው። ማይክል ወንድሞቹን ሁሉ አጥቶ፣ አብሮት ካደገውና ምስጢሩን ሁሉ ከሚያውቀው ሰው ጋር ሲፋጠጥ! ያ ፊልም ቢሠራ ኖሮ ዛሬ አንቺም ይህን ባልጠየቅሽ። በቦታው ሌላ ጠበቃ ገባ። ተዋናዩ ጥፋት የለበትም፤ ተመልካቹ ግን ከሱ ጋር ያሳለፈው ምንም ነገር የለም። ማይክል ሲያማክረው ደንታ አይሰጥሽም።

ቀጥሎ የማይክል ልጅ የሜሪ ጉዳይ አለ። ቦታው የዊኖና ራይደር ነበር። ሮም ከደረሰች በኋላ በድካምና በሕመም ምክንያት ቀረች። ቀረጻው ተጀምሯል፣ ጊዜ የለም። ኮፖላ የገዛ ልጁን ሶፊያን አስገባት። 18 ዓመቷ ነበር፣ ሙያዋም ትወና አልነበረም። ከአንዲ ጋርሲያ ጋር ወጥ ቤት ቆመው ኞኪ የሚባለውን የጣሊያኖች የድንች ፓስታ የሚያድቦለቡሉበት ትዕይንት አለ። እሱ እጇን ይዞ ሊጡን እንዴት እንደምትጫን ሲያሳያት ዓይኑ ብቻውን ይበቃል። እሷ አፏን ስትከፍት ግን ሙቀቱ ይወርዳል። ሐያሲያኑ ወረዱባት። እኔ እስከ ዛሬ አዝንላታለሁ፤ የስቱዲዮው ጥድፊያና የአባቷ ውሳኔ አንድ ላይ በሷ ላይ ተደፋ። ኋላ ራሷ ዳይሬክተር ሆና፣ ሎስት ኢን ትራንስሌሽን ለተባለው ፊልሟ በጻፈችው ስክሪፕት ኦስካር ወስዳለች።

ሁለት ይበቃል

እኔ አትዩት ባይ ነኝ። ሁለተኛው እንዴት እንዳለቀ አስታውሺ። ማይክል ሁሉን አሸንፎ ብቻውን ተቀምጧል። ከዚያ በላይ ምን ይባላል? ሦስተኛው ያንን ዝምታ በቃላት ሊያስረዳን ይሞክራል። የድሮው ማይክል አይናገርም፤ ሰው የሚፈራውም ለዚያ ነበር። አሁን ቁጭ ብሎ ስለ ጸጸቱ ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆንብኛል። ፀጉሩ ራሱ የሱ አይመስልም።

ለ7 ኦስካር ታጭቷል ይሉሻል። ልክ ነው፣ ታጭቷል፤ አንዱንም ግን አልወሰደም። ዕጩነቱም በአብዛኛው ለሁለቱ ቀዳሚዎች የተከፈለ ውለታ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅዳሜያችሁን በጉድፌላስ አሳልፉት።

የሐዋሳዋ

ወንድሜ፣ ስለ ሁለተኛው መጨረሻ ያልከው እውነት ነው። የንስሐውን ትዕይንት ግን እንዴት ዘለልከው? ያ ትዕይንት መጨረሻውን ስለማይነካ ልናገረው።

ማይክል የስኳር በሽተኛ ሆኗል። አንድ ካርዲናል ሊያነጋግር ሄዶ ግቢው ውስጥ ስኳሩ ይወርድበታል። ጣፋጭ ነገር ስጡኝ ይላል። ያ ሁሉ ሰው የሚርድለት ሰውዬ የተሰጠውን ከረሜላ እየዋጠ የብርቱካን ጭማቂ ይጠጣል። ካርዲናሉ ከውኃው ገንዳ አንድ ድንጋይ ያነሳል። ስንት ዘመን ውኃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ ነው። ሰብሮ ሲያሳየው ውስጡ ደረቅ ነው። ክርስትና ለዘመናት ከቧቸው ኖሮ ልባቸው ውስጥ ስላልገባ ሰዎች ነው የሚነግረው። ከዚያ ተናዘዝ ይለዋል። ማይክል ከተናዘዘ 30 ዓመት ሆኖታል፤ ጊዜዎን እጨርስብዎታለሁ ብሎ ሊሸሽ ይሞክራል። በግድ ይጀምራል። ትንንሹን ኃጢአት እየተናገረ ቀስ እያለ ይመጣና ያስገደለው ወንድሙ ፍሬዶ ጋር ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል።

ንስሐ አባት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ታውቃለህ። እኔ ለዚህ ትዕይንት ብቻ ብዬ ፊልሙን ደግሜ አየዋለሁ። እህቴ፣ ስለ ፍሬዶ እያወራ ያለው ወንድምሽ ይህ ሊያመልጠው አይገባም።

ሁለት ይበቃል

እሱ ትዕይንት ጥሩ ነው፤ አልክድም። እሱን ለማየት ሁለት ሰዓት ከምናምን መቀመጥ ግን ለኔ አይዋጥልኝም።

ሦስተኛ ረድፍ

አንድ ነገር ልጨምር። በትክክል 16 ዓመት ተጠብቆ ሰውን ያሳዘነ ሌላም ፊልም አለ፤ ስታር ዋርስ። በ1983 ቆሞ በ1999 ሲመለስ አሜሪካ ውስጥ ትሬለሩን ለማየት ብቻ የሌላ ፊልም ቲኬት እየቆረጡ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ትሬለሩ ሲያልቅ ተነስተው ይወጣሉ። ፊልሙ ሲመጣ ገና ከመግቢያው ጀምሮ ስለ ንግድ ቀረጥ ያወራል፣ ከዚያም የምክር ቤት ክርክር ይከተላል። ጃር ጃር ቢንክስ በሚባለው ቀልደኛ ገጸ ባሕርይ ያልተናደደ አዋቂ ማግኘት ይከብዳል። ገንዘቡን ግን አገኘ፤ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ስለዚህ የገቢ ቁጥር አይታችሁ ፊልም አትምረጡ።

ጥበቃው ብቻውን ጥፋተኛ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማድ ማክስ 30 ዓመት ቆይቶ በ2015 ሲመለስ 6 ኦስካር ወሰደ። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ፊልሙን ዓመታት ወስዶ፣ ትዕይንቱን በሺዎች በሚቆጠሩ ሥዕሎች እያስቀመጠ ነው ያዘጋጀው። ከላይ ስለ 6 ሳምንቱ የተባለውን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ቅዳሜ ማታ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ባለ ካሴቱ፣ በተለይ እርስዎን አመሰግናለሁ፤ የዘመኑን ስሜት ባይነግሩኝ ኖሮ አይገባኝም ነበር። የፍሬዶን ነገር ለወንድሜ ስነግረው ጭቅጭቁ አበቃ፤ እናየዋለን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የ2020ው በምን ይለያል? ደግሞ ታሪኩ ውስጥ የቫቲካን ባንክ ምናምን አለ፣ ያወሳስባል ይባላል። ቀድመን ማወቅ ያለብን ነገር አለ?

የፒያሳ ልጅ

በርዝመት ብዙ አይለያዩም። የድሮው 162 ደቂቃ ነው፣ አዲሱ ከሱ ጥቂት ያንሳል። ትልቁ ለውጥ አከፋፈቱ ላይ ነው። የድሮው ሌክ ታሆ ያለውን የቤተሰቡን ወና ቤት ያሳይና ማይክል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኒሻን ወደሚቀበልበት ሥነ ሥርዓት ይሄዳል። አዲሱ ግን በቀጥታ ማይክልና የቫቲካን ባንክን የሚመራው ሊቀ ጳጳስ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ ይጀምራል። 600 ሚሊዮን ዶላር ነው የሚነሳው። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ደቂቃ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ጎድፋዘርም ውለታ ሊጠይቅ በመጣ ሰው ነው የሚከፈተው፤ ተመልካቾችሽ ያስታውሱታል።

ርዕሱም ያኔ በ1990 ኮፖላና ፑዞ ፈልገውት ፓራማውንት የከለከላቸው ነው። ኮፖላ ይህን ክፍል የሚያየው የሁለቱ ፊልሞች ማሳረጊያ አድርጎ ነው። ለሰዎችሽ ከመጀመርሽ በፊት ይህን ንገሪያቸው። ሦስተኛ ታላቅ ፊልም ብለው ከጠበቁ እንደገና ይናደዳሉ። መጨረሻውም ላይ የተነካ ነገር አለ፤ እሱን ዝም ልበል።

ሞንታዥ

ስለ ባንኩ ይህን ብቻ ያዢ። ባንኮ አምብሮሲያኖ የሚባል የጣሊያን ባንክ ነበር፤ ከቫቲካን ባንክ ጋር የጠበቀ ግንኙነት ነበረው። በ1982 ብዙ ዕዳ ተሸክሞ ወደቀ። ሊቀ መንበሩ ሮቤርቶ ካልቪ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ብላክፍራያርስ ከሚባለው ድልድይ ሥር ተሰቅሎ ተገኘ። ዓለም ጉድ ያለበት ጉዳይ ነበር። ፊልሙ የተጠቀመው ይህንን ታሪክ ነው፤ ዘመኑን ብቻ ትንሽ ወደ ኋላ ወስዶታል። የ1990 የጣሊያን ተመልካች ሳይነገረው ይገባዋል፤ እኛ ግን ካልሰማነው ማን ከማን እንደሆነ ይጠፋብናል። ፊልሙ ውስጥ ኢሞቢሊያሬ ሲባል ትሰሚያለሽ፤ ቫቲካን ድርሻ ያላት የመሬትና የሕንፃ ኩባንያ ነው። ማይክል እሱን ጠቅልሎ መያዝ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን ንጹሕ ሊያደርግ። ከዚህ በላይ ብጨምር መጨረሻውን መንገር ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ብቻ። ማብቂያው አካባቢ ሲሲሊ፣ ፓሌርሞ ውስጥ፣ ቴአትሮ ማሲሞ በሚባለው ቤት ኦፔራ ይታያል። እዚያ ሲደርስ ማንም ለሻይም ለስልክም እንዳይነሳ። መድረኩ ላይ የሚሆነውና ከመድረኩ ውጪ የሚሆነው እየተጠላለፈ ነው የሚሄደው። አንዱን ካጣችሁ ሌላው ይጠፋችኋል።

ባለ ካሴቱ

እውነት ነው። ኮፖላ ኮፖላ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

ቅዳሜ ማታ (ጠያቂ)

ገባኝ። እንግዲያው የ2020ውን ይዘናል። ኢሞቢሊያሬን እኔ ቀድሜ አስረዳቸዋለሁ። እናቴም አብራን ስለምታይ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያስፈልገናል፤ ንግግሩ ይፈጥንባታል። ለድሮው ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል አለኝ። እሱ ይሆነናል?

የፒያሳ ልጅ

አይሆንም። ትዕይንቶቹ ቦታ ስለተቀያየሩ ገና ከመጀመሪያው ይዛነፋል፤ ሰዓቱን ወደፊትና ወደኋላ በማድረግም አይስተካከልም። በስሙ ላይ የ2020ው ቅጂ መጠሪያ የሆነው ኮዳ (Coda፣ ማሳረጊያ ማለት ነው) የሚል ያለበትን ፈልጊ። ሌላው ደግሞ የጣሊያንኛው ንግግር ነው፤ ሲሲሊ ከገቡ በኋላ ብዙ አለ። አንዳንዱ የሰብታይትል ፋይል እንግሊዝኛውን ብቻ ይጽፍና ጣሊያንኛውን ይዘለዋል። ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት መሃሉ ላይ አንድ የሲሲሊ ትዕይንት ከፍተሽ ጽሑፉ መኖሩን እዪ።