የልዕለ ጀግና ፊልሞች ለኮሚክ መጻሕፍት አንባቢ ያፈራሉን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለወጣቶች በተከፈተ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እመርጣለሁ። «ብላክ ፓንተር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ፊልም ደጋግመው ያዩ ልጆች ገጸ ባሕርዩ ከኮሚክ መጽሐፍ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች ከሚተርክ መጽሐፍ፣ የተወሰደ መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ፤ መጽሐፉን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ለመሆኑ ፊልሞቹ አንባቢ ያመጣሉ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ያመጣሉ፤ ነገር ግን ተመልካቹ ከየት መጀመር እንዳለበት ሲያውቅ ብቻ ይመስለኛል። የጠቀሱት ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን ገጸ ባሕርዩ በኅትመት የታየው በ1966 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ ደራስያን እጅ ያለፈውን ታሪክ ጀማሪ አንባቢ ከየትኛው ቁጥር (እትም) ይጀምረው? በአንጻሩ «ዋችመን» የተባለው ኮሚክ በ12 ቁጥሮች ያለቀና በአንድ ጥራዝ የተሰበሰበ በመሆኑ፣ በ2009 ለእይታ የበቃው ፊልም ማስታወቂያ ገና በ2008 ሲለቀቅ የመጽሐፉ ሽያጭ እጅግ አሻቅቧል።

መልስ፣ ከዳንግላ፦
እስማማለሁ። የአሜሪካ ኮሚክ ሻጮችም ፊልም ብቻውን እንደማይበቃ የተረዱ ይመስላል፤ በ2002 የ«ስፓይደርማን» ፊልም በወጣ በማግስቱ ኮሚክ በነጻ የሚታደልበትን ዓመታዊ ቀን ጀምረዋል። በእኛ አካባቢ ግን ከዋጋው በላይ ቋንቋው ይከብዳል፤ ፊልሙን በምስሉ የተከታተለ ልጅ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሲያይ መጽሐፉን ያጥፈዋል። አብሮ የሚያነብለት ታላቅ ቢመድቡለት መልካም ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በአንድ ጥራዝ ያለቀ ታሪክ እፈልጋለሁ፤ «ዋችመን» ግን ለአዋቂዎች የተጻፈ ስለሆነ ለ13 ዓመት ልጅ አላውሰውም።